እውነተኛው ነፃነት፦ የአባ ሙሴ ጸሊም ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰኔ 24 ቀን ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የአባ ሙሴ ጸሊምን ዕረፍት ታስባለች። ጾመ ሐዋርያት ከጰራቅሊጦስ ማግስት ገብቶ ሐምሌ 5 ቀን ስለሚፈታ፣ ፋሲካ ቢቀድምም ቢዘገይም የዚህ ቅዱስ አባት መታሰቢያ ሁልጊዜ በጾሙ መካከል ይውላል። ክረምቱ ሲገባ፣ ከሰባቱ አጽዋማት አንዱን ይዘን ሳለን እናገኘዋለን ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ጾም ብዙዎቻችን የቄስ ጾም ነው እያልን ለካህናቱ ትተነዋል። ለምን እንደማንጾም ስንጠየቅ ነፃነታችንን እንጠቅሳለን፤ ማን ያስገድደናል እንላለን። ልክ ነው፣ የሚያስገድደን የለም። የሚጾመውም ቢሆን አንዳንዴ ጾሙን እንደ እስር ቤት ቆጥሮ የሚፈታበትን ቀን በጣቱ ሲቆጥር ይሰነብታል። ሁለቱም ወገን ነፃነትን የሚያያት ከጾሙ ውጭ ነው። አንዱ ቀድሞ ወጥቷል፣ ሌላው እስኪወጣ ይጠብቃል። የአባ ሙሴ ሕይወት ግን ሌላ መንገድ ያሳየናል። እርሱ ነፃነትን ያገኛት በበረሃ፣ በጾምና በጸሎት መካከል ነው፤ ያውም ከብዙ ዓመት ትግል በኋላ። ለመሆኑ ይህ ሰው ማን ነበር? ከምንስ ነፃ ወጣ?

ጌታው ያባረረው ባሪያ

አባ ሙሴ የኖረው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ ምድር ነው። ጸሊም ማለት በግእዝ ጥቁር ማለት ነው። በግሪክ ቋንቋ የጻፉ የጥንት ጸሐፊዎች ኢትዮጵያዊ እያሉ ይጠሩታል፤ በዚያ ዘመን ይህ ስም ከግብፅ በስተ ደቡብ ለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች ሁሉ የሚነገር ነበር። ታሪኩን ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጳላድዮስ ነው። እርሱም እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ420 ዓ.ም. ገደማ፣ አባ ሙሴ ካረፈ ብዙም ሳይቆይ፣ የግብፅ መነኮሳትን ሕይወት ሰብስቦ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጦታል። የበረሃ አበው ነገር የተሰበሰበባቸው መጻሕፍትና ስንክሳራችንም ስለ እርሱ ይተርካሉ።

ሙሴ በመጀመሪያ የአንድ ባለ ሥልጣን ባሪያ ነበር። ሰው ሰውን እንደ ዕቃ ገዝቶ መያዙ በደል ነው፤ ሙሴም ይህ በደል ከደረሰባቸው አንዱ ነው። ነገር ግን ጠባዩ እጅግ የከፋ ነበርና፣ በስርቆቱም ስላስቸገረ፣ ጌታው አልቻለውም፤ ከቤቱ አባረረው። ነፍስ እስከ ማጥፋት መድረሱም ይነገራል።

እስቲ ይህን ነገር ልብ እንበል። ለባሪያ ከጌታው ቤት መውጣት ትልቁ ምኞቱ ነው። ሙሴ ይህን ምኞት ምንም ሳይከፍል አገኘው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያዝዘው የለም፣ የሚቆጣው የለም፣ ሲነጋ ስሙን የሚጠራው የለም። ታዲያ በዚህ ሁሉ ነፃነት ምን ሠራበት? ወደ ዱር ገብቶ የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። ጉልበቱ እጅግ ብርቱ ስለነበር መንገደኛው ሁሉ ስሙን ሲሰማ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አንድ ጌታ ቢለቅቀው ብዙ ጌቶች ያዙት። ሆዱ ያዝዘዋል፤ ብዙ የሚበላና ብዙ የሚጠጣ ሰው ነበርና። ዝሙት ያዝዘዋል። ቁጣ ያዝዘዋል። የሰው ጌታ ቢተኛ ባሪያው ያርፋል። እነዚህ ጌቶች ግን አይተኙም፤ በሕልም ሳይቀር ይጠራሉ። ጌታችን በወንጌል ኃጢአትን የሚያደርግ ሁሉ የኃጢአት ባሪያ መሆኑን፣ እውነተኛውን አርነት የሚያወጣውም ወልድ መሆኑን ያስተማረው ለዚህ ነው (ዮሐ. 8፥34-36)።

የእረኛው ውሻ

ጳላድዮስ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ እንዲህ ነው። ሙሴ አንድ ሌሊት ለዝርፊያ ሲሄድ የአንድ እረኛ ውሾች ያሰቡትን ነገር አሰናከሉበት። ሙሴም ቂም ያዘ፤ እረኛውን ሊገድለው ፈለገ። ሰውየው ከአባይ ወንዝ ማዶ መሆኑን ሰማ። ጊዜው ወንዙ የሞላበት ነበር፤ ውኃው ከዳር እስከ ዳር ለዓይን ይርቃል። ሙሴ ግን ልብሱን በራሱ ላይ አስሮ፣ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ያን ሙላት ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው ከሩቅ አይቶት አሸዋ ቆፍሮ ተደበቀ። ሙሴ ሰውየውን ሲያጣው ከመንጋው አራት ምርጥ አውራ በጎች አረደ፣ በገመድ አስሮ እየጎተተ ወንዙን መልሶ ዋኘ። የጣፈጠውን ሥጋ በላ፣ ቆዳውን በወይን ጠጅ ለወጠ፣ ጠጥቶም ወደ ጓደኞቹ ሄደ።

ይህን ስንሰማ በጉልበቱ እንደነቅ ይሆናል። ነገር ግን ያን ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ወደ ሙላት ውኃ የወረወረው ማን ነበር? የውሻ ጩኸት! ጌታው እንኳ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰጥቶት አያውቅ ይሆናል። የሚያዝዘው የሌለ የመሰለው ሽፍታ፣ አንድ ውሻ ስለ ጮኸበት ብቻ ነፍሱን ለሞት ሰጥቶ ወንዝ ተሻገረ።

እኛስ? የታክሲ ረዳት መልስ ቢያጎድልብን፣ ጎረቤት በክፉ ዓይን ያየን ቢመስለን፣ አንድ ሰው በስልክ የማይሆን ቃል ቢጽፍልን፣ ያ ቀን ሙሉ ቀን የማን ነው? ቁርሳችንን ስንበላ እናስበዋለን፣ ሥራ ላይ ሆነን እንመልስለታለን፣ ማታ ተኝተን ደግሞ ያላልነውን እንጨምርበታለን። ቅዳሴ ቆመን እንኳ ልባችን እዚያው ነው። እኛም ወንዙን እየዋኘን ነው፤ ሰይፉም በጥርሳችን አለ።

ወደ አስቄጥስ

እግዚአብሔር ግን ማንንም ተስፋ አይቆርጥበትም። ስንክሳር እንደሚተርክልን ሙሴ ፀሐይን የሚያመልክ ሰው ነበር። ሆኖም ልቡ አላረፈለትም፤ ወደ ፀሐይ እያንጋጠጠ እውነተኛው አምላክ ማን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። በአስቄጥስ በረሃ የሚኖሩ መነኮሳት እግዚአብሔርን እንደሚያውቁ ሲሰማ ተነሥቶ ወደ እነርሱ ሄደ። ከእነ ሰይፉ ሲመጣ ያየው አባ ኤስድሮስ ደነገጠ። ሙሴ ግን የመጣው ሊዘርፍ አልነበረም፤ እግዚአብሔርን እንዲያሳውቁት ሊለምን ነው። አባ ኤስድሮስም ወደ ታላቁ አባ መቃርስ ወሰደው። አባ መቃርስ የክርስትናን ሃይማኖት አስተማረው፣ ተጠመቀ፣ ከዚያም መነኮሰ።

አስቄጥስ ዛሬ ዋዲ ናጥሩን የሚባለው፣ ከካይሮ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያለ በረሃ ነው። በዚያ ዘመን መነኮሳቱ እያንዳንዳቸው በየበዓታቸው ሆነው የእጅ ሥራ እየሠሩ፣ ቅዳሜና እሑድ በቤተ ክርስቲያን እየተሰበሰቡ ይኖሩ ነበር። ሰዎችን ሁሉ ያስጨነቀ ወንበዴ ከእነዚህ ትሑታን መካከል ገብቶ የሰሌን ሥራ ተማረ።

የልኳንዳው ውሻ

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለን ነበር። ሽፍታው ተጠመቀ፣ መነኮሰ፣ በሰላም ኖረ ብንል። እውነቱ ግን ይህ አይደለም። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? ሙሴ ሰይፉን ጣለ እንጂ የቀድሞ ጌቶቹ አልጣሉትም። ከሁሉም ይልቅ የዝሙት ሐሳብ ይዋጋው ጀመር፤ ምንኩስናውን ጥሎ እስከ መሄድ ድረስ ተፈተነ።

በመጨረሻም ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ የደረሰበትን ሁሉ አንድም ሳይደብቅ ነገረው። ሽማግሌው አልደነገጠበትም፣ አልተጸየፈውምም። ጀማሪ በመሆኑ እንዲህ መዋጋቱ የማያስገርም መሆኑን ነገረውና በውሻ መሰለለት። ልኳንዳ ደጅ አጥንት መቆርጠም የለመደ ውሻ ልማዱን በአንድ ቀን አይተውም። ልኳንዳው ተዘግቶ የሚሰጠው ሰው ሲጠፋ ግን ቆይቶ ቆይቶ፣ ሲርበው ወደ ሌላ ይሄዳል። ሙሴም በትዕግሥት ከጸና ክፉው ሐሳብ ተስፋ ቆርጦ እንደሚለየው አስረዳው።

ይህ ምሳሌ ለእኛ አገር ምእመን ማብራሪያ አያስፈልገውም። በጾም ወቅት ልኳንዳ ቤት ሲዘጋ እናውቀዋለን። በመጀመሪያው ሳምንት ውሾቹ ደጁ ላይ ይተኛሉ። ጾምም ሥራው ይኸው ነው፤ ለለመደው ምኞት በሩን መዝጋት። በሩን ዘግተን ሳለ ውሻው ቢጮህ ጾማችን ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም። የለመደው አጥንት ቀርቶበት ነው የሚጮኸው። የሚያስፈራው በቀን ዘግተን በማታ አጥንት ስንወረውርለት ነው።

አባ ኤስድሮስ ሌላም ቀን ረድቶታል። ሙሴ መታገል እንዳቃተው ሊነግረው በመጣ ጊዜ ወደ ሰገነት አወጣውና ወደ ምዕራብ እንዲመለከት አዘዘው። ሙሴም ሊዋጉ የሚጮኹ የአጋንንት ብዛት አየ። ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ አሳየው፤ በዚያም ለቁጥር የሚያታክቱ ቅዱሳን መላእክት በክብር ቆመው ነበር። ከእኛ ጋር ያሉት ከጠላቶቻችን እንደሚበዙ ሲያስተውል ልቡ በረታና ወደ በዓቱ ተመለሰ።

ነፃነቱ የተሰጠበት ቀን

ከዚያ በኋላ የደከመው ድካም ለመስማት እንኳ ይከብዳል። ምግቡ በቀን ጥቂት ደረቅ ዳቦ ሆነ። ብዙ ሥራ ይሠራል፣ በቀን 50 ጊዜ ይጸልያል። ይህም ሆኖ በሕልሙ ይቃጠል ነበር። ሌላ አባት አማከረና ሌሊቱን በትጋት ማደር ጀመረ። ስድስት ዓመት በበዓቱ መካከል ቆሞ፣ ዓይኑን ሳይከድን እየጸለየ አደረ። አሁንም ሐሳቡ አልለቀቀውም።

ቀጥሎ ሌላ ነገር ጀመረ። በአስቄጥስ ውኃ ሩቅ ነው፤ አረጋውያኑ መነኮሳት መቅዳት አይችሉም። ሙሴ በሌሊት እየወጣ፣ ማንም ሳያየው፣ የየሽማግሌውን እንስራ ወስዶ ሞልቶ ይመልስ ነበር። ቀድሞ በሌሊት የሰው ቤት የሚዘርፍ ሰው፣ አሁን በሌሊት የሰው ቤት ይሞላል። ያው ጨለማ፣ ያው ጉልበት፣ ያው እጅ ነው፤ የሚያዘው ግን ሌላ ሆኗል። አንድ ሌሊት ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ እንዳለ ጋኔን ወገቡን በዱላ መታው። ውኃ ሊቀዳ የመጣ ሰው በማግስቱ ወድቆ አገኘው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን አመጡትም። ከዚያ ለአንድ ዓመት ያህል ታሞ ሰነበተ።

በዚህን ጊዜ አባ ኤስድሮስ ከአጋንንት ጋር መጣላቱን እንዲያቆም፣ ለተጋድሎም ልክ እንዳለው መከረው። ሙሴ ግን ክፉው ሕልም ካልተወው እንደማያቆም መለሰ። ያን ጊዜ ሽማግሌው በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ሕልሞቹ ከዚያን ሰዓት ጀምሮ እንደ ተወገዱ አበሠረው፤ ሳይፈራ መጥቶ ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን እንዲቀበልም ነገረው። ይህ ሁሉ ጊዜ የዘገየው በገዛ ድካሙ ምኞትን ያሸነፈ መስሎት እንዳይመካ መሆኑንም ገለጠለት። ሙሴ ወደ በዓቱ ተመለሰ። በኋላም ሲጠየቅ ያ መከራ እንደ ለቀቀው ተናገረ።

ምእመናን ሆይ፥ ይህን ነገር ደጋግመን እናስበው። ሙሴ ያለውን ጉልበት ሁሉ አፈሰሰ፣ አልቀረውም። ነፃነቱ ግን የተሰጠው በቅዱስ ቁርባን ፊት፣ በክርስቶስ ስም፣ እንደ ስጦታ ነው። እኛ ግን ሁለቱንም የምንለያይ ብዙ ነን። አንዳንዱ ምንም ሳይታገል እግዚአብሔር ያውቅልኛል ይላል። ሌላው ለብቻው ሲታገል ኖሮ፣ ሲወድቅ አፍሮ ከንስሐ አባቱ ይደበቃል። ዘመናችንን ሙሉ ቅዳሴ እያስቀደስን ቅዱስ ቁርባንን ለሽምግልና የምናቆየው ስንቶች ነን? መጀመሪያ ነፃ ልውጣና ከዚያ እቆርባለሁ ማለት፣ መጀመሪያ ልዳንና ከዚያ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ እንደ ማለት ነው። በንስሐ ወደ አባታችን ቀርበን፣ እርሱ በሚያሳየን መንገድ ወደ ሥጋ ወደሙ መቅረብ አለብን።

አራቱ ወንበዴዎች

አንድ ቀን አራት ወንበዴዎች ማን መሆኑን ሳያውቁ ሙሴን በበዓቱ ሳለ አጠቁት። ለእርሱ ይህ ምን ያህል ቀላል ነው! አራቱንም ይዞ አሰራቸው፣ ጭድ እንደ ሞላ ጆንያ በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው። እርሱ ማንንም ሊጎዳ ስለማይፈቀድለት ምን እንዲደረጉ እንደሚሹ አባቶችን ጠየቀ። ሰዎቹ የተሸከማቸው ያ የታወቀው ሽፍታ ሙሴ መሆኑን ሲያውቁ ልባቸው ተነካ። እርሱ እንዲህ ከተመለሰ ለእነርሱም ተስፋ እንዳለ አስበው ዓለምን ትተው መነኮሱ። ሙሴ ጉልበቱን አላጣም፤ ጉልበቱ ጌታው መሆኑ ግን ቀረ።

ስድብና ምስጋና

የሰውን ነፃነት የሚፈትኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ስድብ፣ አንዱ ምስጋና። አባ ሙሴ በሁለቱም ተፈትኗል።

በአንድ ጉባኤ አባቶች ሊፈትኑት ፈልገው፣ ይህ ጥቁር ሰው ለምን ወደ መካከላችን ይመጣል የሚል የንቀት ቃል ተናገሩ። ሰምቶ ዝም አለ። ጉባኤው ሲበተን አልከፋህም ወይ ብለው ጠየቁት። እርሱም መከፋቱን ሳይደብቅ፣ ነገር ግን ዝም ማለቱን ነገራቸው። እንግዲህ ነፃ ሰው ማለት ስድብ የማይሰማው ድንጋይ አይደለም። ልቡ ቆስሏል። ቁስሉ ግን አፉንና እጁን አላዘዘውም። ስለ ውሻ ጩኸት ወንዝ የተሻገረው ሰው፣ በፊቱ ሲንቁት በቦታው ተቀመጠ። በባዕድ አገር በሰው ቤት ተቀጥረው፣ በመልካቸውና በአገራቸው ሲናቁ የሚውሉ ወንድሞችና እህቶች ይህን ታሪክ ከእኛ ይልቅ ይረዱታል። ንቀቱ ልክ ነው አልተባለም፤ የናቀን ሰው የልባችን ጌታ እንዳይሆን ነው የተነገረው።

ምስጋናም እንደዚሁ ነው። አንድ ገዢ ስለ አባ ሙሴ ሰምቶ ሊያየው ወደ አስቄጥስ መጣ። አባ ሙሴ ይህን ሲሰማ ሸሽቶ ወጣ። በመንገድ ላይ ተገናኙና ገዢው ሳያውቀው የአባ ሙሴን በዓት እንዲያሳየው ጠየቀው። እርሱም ያ ሰው ሞኝ ስለሆነ ወደ እርሱ መሄድ እንደማይጠቅመው ነገረው። ገዢው ቤተ ክርስቲያን ደርሶ የሰማውን ሲያወራ ካህናቱ አዘኑ፤ የነገረው ሰው ምን እንደሚመስል ጠየቁት። ረጅም፣ ጥቁር፣ አሮጌ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ መሆኑን ሲነግራቸው ራሱ አባ ሙሴ መሆኑን ገለጡለት። ገዢውም ብዙ ተምሮ ተመለሰ። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ጌታ ስንቱን ያዛል! ከአቅማችን በላይ የሚያስደግሰን፣ ብድር የሚያስገባን፣ ምጽዋታችንን ሳይቀር ለፎቶ የሚያደርገው እርሱ አይደለም ወይ?

የሚያንጠባጥበው እንስራ

በአስቄጥስ አንድ ወንድም በደለ። ሊፈርዱበት ጉባኤ ተሰበሰበና አባ ሙሴን ጠሩት። አልመጣም አለ። ካህኑ ደግሞ ላከበት። ያን ጊዜ የተሰነጠቀ እንስራ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ውኃው ከኋላው እየተንጠባጠበ መንገዱን አርሶታል። ሊቀበሉት የወጡት ሲጠይቁት፣ የራሱ ኃጢአት እንዲህ ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ግን እንደማያየው፣ እንዲህ ሆኖ ሳለ በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። እነርሱም ይህን ሰምተው ወንድማቸውን ይቅር አሉት።

በጾም ወራት ሥጋ ትተን የሰው ሥጋ የምንበላበት ቦታ የታወቀ ነው። ቡናው ይፈላል፣ ፈንዲሻው ይቀርባል፣ ከዚያ ማን ጾመ ማን አልጾመ፣ ማን ከማን ጋር ታየ ይባላል። ሐሜት ራሱ ባርነት ነው፤ ካላወራን ቡናው አይጣፍጠንም። የሰው ነገር ሲነሣ ዝም ብሎ ስኒውን ማስቀመጥ የቻለ ሰው ትልቅ ነፃነት አግኝቷል።

ከበዓቱ የወጣው ጭስ

አንድ ጊዜ በአስቄጥስ ሳምንቱን ሁሉም እንዲጾም ትእዛዝ ወጣ። በዚያው ሳምንት ከግብፅ ወገን ወንድሞች ወደ አባ ሙሴ በእንግድነት መጡ። እርሱም ጥቂት ምግብ አበሰለላቸው። ጎረቤቶች ከበዓቱ ጭስ ሲወጣ አዩና ሙሴ ትእዛዝ ሽሮ ምግብ ማብሰሉን ለካህናቱ ተናገሩ። ካህናቱ እስኪመጣ ጠበቁ። ቅዳሜ ቀን በመጣ ጊዜ፣ የሕይወቱን ታላቅነት ያውቁ ነበርና፣ የሰውን ትእዛዝ ቢተውም የእግዚአብሔርን ትእዛዝ መፈጸሙን በሁሉ ፊት መሰከሩለት።

ይህን ታሪክ ጾም ለመሻር ምክንያት የሚያደርግ ካለ ተሳስቷል። አባ ሙሴ ስንት ዓመት በደረቅ ዳቦ የኖረ ሰው መሆኑን አንርሳ። እሳቱን ያነደደው ሆዱ አዞት አይደለም፤ ከሩቅ የመጡ የደከሙ ወንድሞቹ አሳዝነውት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም አርነትን ለሥጋ ምክንያት እንዳናደርጋት፣ በፍቅር ግን እርስ በርሳችን እንድናገለግል ያስተማረው ይህንኑ ነው (ገላ. 5፥13)። ሥርዓት የሚጠብቀን ከምኞታችን ባርነት ሊያወጣን ነው፤ ከዚያ የወጣ ሰው ደግሞ ሥርዓቱን ጠብቆ ለፍቅር ዝግጁ ይሆናል። ጾም ይዞን በቤታችን ካሉት ሕፃናትና ሠራተኞች ጋር የምንቆጣ ከሆነ፣ በራችንን ያንኳኳውን ድሃ በዛሬ ጾም ነው የምንመልስ ከሆነ፣ ከበዓታችን ጭስ አልወጣም ይሆናል፤ እሳቱ ግን በውስጣችን አለ።

ዕረፍቱ

አባ ሙሴ በኋላ ቅስና ተሾመ። ጳላድዮስ እንደ ጻፈው ሲያርፍ ዕድሜው 75 ሲሆን 70 ደቀ መዛሙርት ትቷል። ዕረፍቱም በሰማዕትነት ነው። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት በርበሮች አስቄጥስን ሊወርሩ መጡ። አባ ሙሴ አብረውት ለነበሩት ወንድሞች መሸሽ የሚፈልግ እንዲሸሽ ነገራቸው። እርሱ ለምን እንደማይሸሽ ሲጠይቁት ይህን ቀን ለብዙ ዓመት ሲጠብቀው እንደኖረ ነገራቸው፤ ሰይፍ የሚያነሡ በሰይፍ እንደሚጠፉ የተናገረው የጌታ ቃል (ማቴ. 26፥52) በእርሱ ሊፈጸም ይገባዋልና። ወንድሞቹም እንደማይለዩት ተናገሩ። በርበሮቹ ገብተው ገደሏቸው። ከመካከላቸው አንዱ ፈርቶ ከሰሌኑ ኋላ ተደብቆ ነበር። አክሊላት ሲወርዱ ባየ ጊዜ ግን የእርሱ እንዳይቀርበት ወጥቶ ከወንድሞቹ ጋር ሞተ። የተቈጠሩት አክሊላት ሰባት ነበሩ።

አባ ሙሴን ከሰይፍ የሚያድነው ጉልበት አጥቶ አልነበረም፤ እግርም ነበረው። ግን ሞት እንኳ ሩጥ ብሎ ሊያዝዘው አልቻለም። በወጣትነቱ ጌታው አባረረው፤ በሽምግልናው የሚያባርረው ማንም አልተገኘም። ዐፅሙ ዛሬ በዚያው በረሃ፣ በባራሞስ ገዳም፣ ከአባቱ ከአባ ኤስድሮስ ዐፅም ጋር በክብር ይገኛል።

እኛስ በዚህ ጾም ምን እናድርግ?

የሁላችንም ጌታ አንድ ዓይነት አይደለም። የአንዱ መጠጥ ነው፣ የአንዱ ጫት፣ የአንዱ ገንዘብ፣ የአንዱ ቁጣ። ሌሊት ለጸሎት አልነሣ ብሎ ስልክ ሲጮህ ብድግ የሚልም አለ። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚያዝዘንን በስሙ እንወቀው። ቀጥሎ እንደ ሙሴ ሳንደብቅ ለንስሐ አባታችን እንንገረው፤ የተደበቀ ጌታ አይለቅቅምና። ከዚያ የአንድ አጥንት በር እንዝጋ። ሁሉን በአንድ ቀን ለመዝጋት የሚነሣ ቶሎ ይደክማል። ውሻው ሲጮህም አንደንግጥ፤ ሙሴ ስንት ዓመት ጮኾበታል። በተዘጋውም በር ፋንታ ለሰው የሚጠቅም ሥራ እናድርግ፤ ውኃ መቅዳት ለማይችል ጎረቤት መቅዳት፣ የታመመ መጠየቅ፣ የታሰረ ማየት። ነቢዩ ኢሳይያስም እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የበደልን እስራት የሚፈታ መሆኑን አስተምሮናል (ኢሳ. 58፥6)። በመጨረሻም ነፃ የሚያወጣን ክርስቶስ መሆኑን አውቀን ወደ ማዕዱ እንቅረብ።

እንግዲህ ሐምሌ 5 ቀን ጾሙ ሲፈታ፣ እኛም አብረን የተፈታን እንሁን።

አባ ሙሴ ጸሊምን ከወንበዴነት ወደ ክህነት፣ ከባርነት ወደ ልጅነት ያመጣ አምላክ እኛንም ከሚገዛን ኃጢአት ሁሉ ነፃ ያውጣን። የአባታችን ጸሎቱና በረከቱ ይደርብን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።